የነባር ልቦለድን ጭብጥ ከገጸ ባሕርያቱ ተነሥቶ ስለ መፈለግ

ሱሉልታ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ከዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ጋር ልቦለድ ስናነብ፣ የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ጭብጥ ምንድን ነው ተብሎ ሲጠየቅ «ፍቅር» የሚለው መልስ ይቀድማል። ፍቅር ግን ርእሰ ጉዳይ ነው፤ ጭብጥ መጽሐፉ ስለዚያ ጉዳይ የሚለው ነገር ስለሆነ በሙሉ ዐረፍተ ነገር ካልተነገረ አልተገኘም። ስለዚህ ጭብጡን ለመጨረሻ ያቆዩትና ከገጸ ባሕርያቱ ይጀምሩ።

ስለ አንድ ገጸ ባሕርይ ሌሎች የሚናገሩትንና እርሱ ራሱ የሚያደርገውን እየለዩ በኅዳጉ ላይ በእርሳስ ምልክት ያድርጉ። ጉዱ ካሣን ሰዎች እንደ እብድ ይቆጥሩታል፤ ይሁን እንጂ የባላባቱን ወግ ፊት ለፊት የሚተቸው እርሱ ነው። ባላባቱ ፊታውራሪ መሸሻ ደግሞ በዘር የሚመጥን ባል አልተገኘም እያሉ ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን ሳይድሩ ያቆዩአታል። ሰውዬውን ትዕቢተኛ ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ የሚጠቅመው ግን ከአቋማቸው ቢወርዱ በእኩዮቻቸው ፊት ምን እንደሚያጡ መጠየቅ ነው።

ሌላ የታወቀ ታሪክን በተዘዋዋሪ የሚያስታውስ በሚመስል ቦታ ላይ ሲደርሱ ደግሞ አይቸኩሉ። የልቦለዱ ዋና ገጸ ባሕርይ በዛብህ እናቱ ለእግዚአብሔር በስለት የሰጠችው ልጅ መሆኑን ያነበበ ሰው፣ በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 1 ላይ ሐና ሳሙኤልን በስእለት መስጠቷን ማስታወሱ አይቀርም። ተመሳሳይነቱን ማግኘት ግን የሥራው ግማሽ ብቻ ነው፤ ዋናው ሁለቱ ታሪኮች የሚለያዩበትን ቦታ መፈለግ ነው። ሳሙኤል በተሰጠበት ቤት አድጎ ነቢይ ሲሆን፣ በዛብህ ግን ሰብለ ወንጌልን ከወደደ በኋላ እናቱ ከሞት ልታድነው የገባችው ቃል የራሱን ሕይወት እንዳይመርጥ የሚያስር ሸክም ይሆንበታል። ደራሲው የሚናገሩት በዚህ ልዩነት ውስጥ ነው።



አሁን ስለቱንና የዘር ኩራቱን ጎን ለጎን ያስቀምጡ። አንዷ እናት በእምነት፣ አንዱ አባት በክብር ተነሣሥተው በልጆቻቸው ዕጣ ላይ ወስነዋል። ከዚህ «ወላጆች በልጆቻቸው ስም የሚወስኑት ውሳኔ፣ በፍቅር የተደረገ ቢሆንም እንኳ፣ ልጆቹን ያጠፋል» የሚል የመጀመሪያ የጭብጥ ረቂቅ ይወጣል።

ከረቂቁ ጋር የማይስማማ ክፍል ካለ ደግሞ ሆን ብለው ይፈልጉ። በእኛ ንባብ ላይ አንዲት ተማሪ ያነሣችው የገበሬዎቹን ጉዳይ ነበር፤ በግብር ምክንያት በፊታውራሪ ላይ ያመፁት ገበሬዎች የወላጅና የልጅ ነገር አላነሣሣቸውም። እነርሱንም ለማካተት ዐረፍተ ነገሩን «ሰው ሳይጠየቅ የወረሰው ግዴታ» ወደሚል ሐሳብ ማስፋት አስፈለገን፤ ያን ጊዜ ስለቱም፣ የዘር ቆጠራውም፣ የባላባቱ ግብርም በአንድ ላይ ሊነበቡ ቻሉ።