የሕፃናት ሐኪም የሚፈለገው ልጁ ሳይታመም ነው

የመጀመሪያ ልጄ ሰባት ወር ሲሞላው፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ገላው እሳት ሆነ። ቤታችን ሰሚት ኮንዶሚኒየም ነው። «ጎበዝ ናቸው» የተባልነው ሐኪም ደግሞ ከተማው ሌላ ጫፍ ላይ። ራይድ ጠርተን በረርን። ስንደርስ «የሕፃናት ስፔሻሊስቱ ማክሰኞና ሐሙስ ብቻ ነው የሚገቡት» አሉን። ያየልን ተረኛው ጠቅላላ ሐኪም ነው። ልጁ ደህና ሆነ፤ እኔ ግን ተምሬበታለሁ። ሁለተኛዋን ሳረግዝ ከመውለዴ በፊት ፍለጋ ጀመርኩ።

መጀመሪያ ከቤት በአንድ ታክሲ የሚደረስ ቦታ ምረጡ። ዝና በሌሊት አያደርስም።

ሰው መጠየቂያው ምርጥ ቦታ የጤና ጣቢያው ክትባት ክፍል ነው። ክትባቱ በነጻ ስለሆነ የሰፈሩ እናት ሁሉ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት፣ ከዚያም በ9 እና በ15 ወር እዚያው አግዳሚ ላይ ናት። «ጎበዝ ሐኪም ማን ነው?» አትበሉ፤ ሁሉም የራሷን ታወድሳለች። «ባለፈው ሲያምባችሁ የት ሄዳችሁ? ስንት ሰዓት ጠበቃችሁ? ምን አዘዙለት?» በሉ።

ቀጥሎ ክሊኒኩ ካርድ ክፍል ሄዳችሁ ጠይቁ። ብዙ ስፔሻሊስቶች ቀን መንግሥት ሆስፒታል ውለው ማታ ነው ወደ ግል ክሊኒክ የሚመጡት። በሩ ላይ «የሕፃናት ሕክምና» ስለተጻፈ ሐኪሙ ውስጥ አሉ ማለት አይደለም። ቀኑንና ሰዓቱን፣ ሲቀሩ ማን እንደሚተካቸው፣ ካርዱም ለስንት ቀን እንደሚያገለግል ጠይቁ። አለዚያ በሦስተኛው ቀን ስትመለሱ እንደገና ትከፍላላችሁ።

ከዚያ ለቀላል ነገር አንድ ጊዜ ሂዱና እዩዋቸው። እኔ ልጄን በአምስት ወሯ ለሳል ወሰድኳት። ዶክተሩ የክትባት ካርዷን አገላበጡ፣ አስመዘኗት። ከጭኔ ሳያነሷት ልብሷን ገለጥ አድርገው ደረቷን እያዩ ሰዓታቸውን ያዙ። ልናገር ስል እጃቸውን አነሱ። አንድ ደቂቃ ሙሉ ዝም። ለካ ትንፋሿን እየቆጠሩ ነው! ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ላለ ሕፃን በደቂቃ 50 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ይባላል። የእሷ 38 ነበር። «ጉንፋን ነው። አንቲባዮቲክ አያስፈልጋትም፤ ጡት አብዢላት» ብለው ሸኙኝ።

እናቴ ተናደደች። «ይህን ያህል ከፍለሽ አንድ ሽሮፕ እንኳ?» በቀጠሮው ቀን አብራኝ መጣችና «እንጥሏ ወርዶ ይሆናል፣ ይቆረጥላት» አለቻቸው። እኔ አፈርኩ። እሳቸው ግን አልተቆጡም። የልጅቷን አፍ በባትሪ እያሳዩዋት፣ «እማማ፣ ይኸው እንጥሏ ጤነኛ ነው። ቢቆረጥ ይደማል፣ ይመረቅዛል» አሏት። አያትን ሳያዋርድ የሚያስረዳ ሐኪም ካገኛችሁ አትልቀቁት።

አሁን ፍሪጃችን ላይ «ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ፣ ከ11 ሰዓት ጀምሮ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ከሥሩ በቅርባችን ያለው የ24 ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ስልክ ተጽፏል። ልጅ መጥባት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰው፣ ካንቀጠቀጠው፣ ወይም ፈዝዞ አልነቃ ካለ፣ ወይም ከ2 ወር በታች ሆኖ ካተኮሰው፣ የእኛን ዶክተር አንጠብቅም። ወደ ታችኛው ስልክ ነው የምንደውለው።