ከአሮጌ ሞተር ሳይክል ፍሬን አየር ሲወጣ የሚፈጸሙ ስህተቶች

በ1969 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበው ሆንዳ ሲቢ 750፣ በብዛት ከተመረቱ ሞተር ሳይክሎች መካከል በፈሳሽ ግፊት የሚሠራ የዲስክ ፍሬን በፊት ጎማው ላይ ይዞ በመምጣት ቀዳሚ ነው። ዛሬ ከእነዚህ ሞተሮች አንዱን ገዝቶ የሚያድስ ሰው ቶሎ የሚገጥመው ችግር፣ የፍሬኑ ማንሻ እንደ ስፖንጅ ለስልሶ እስከ መሪው እጀታ ድረስ መምጣቱ ነው። ወዲያው የሚጠረጠረው መስመሩ ውስጥ የገባ አየር ሲሆን፣ ብዙ ጊዜም ጥርጣሬው ልክ ነው። ይሁን እንጂ ከሃምሳ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ፍሬን እንደ አዲስ ሞተር ፍሬን አይታይም። እኔ በዚህ ሥራ ካባከንኩት ጊዜ አብዛኛው የባከነው፣ በካሊፐሩ (የፍሬን ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ በሚጨምቀው ክፍል) ላይ ያለውን የአየር ማውጫ ብሎን ከመክፈቴ በፊት ማየት የነበረብኝን ባለማየቴ ነው።

የመጀመሪያው ስህተትም ይኸው ነው፤ ማስተሩን ሳይመረምሩ ወደ ብሎኑ መሮጥ። ማስተር የምንለው በመሪው ላይ የተገጠመውንና ማንሻው የሚገፋውን ትንሽ ፓምፕ ነው። የዘይት ቋቱ ተከፍቶ ውስጡ ሲጸዳ ወለሉ ላይ ሁለት ቀዳዳዎች ይታያሉ፤ አንዱ ሰፋ ያለ ነው፣ ሌላው ግን የመርፌ ጫፍ እንኳ በጭንቅ የሚገባበት ነው። ማንሻው ሲለቀቅ ትርፉ ፈሳሽ ወደ ቋቱ የሚመለሰው፣ ከሥር የሚመጣው አየርም ወደ ላይ የሚያመልጠው በዚህች ጠባብ ቀዳዳ በኩል ነው። ሞተሩ ለዓመታት ቆሞ ከከረመ ፈሳሹ ወደ ዝቃጭነት ተለውጦ ይደፍናታል። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ማንሻውን ስስብና ስለቅ፣ ብሎኑን ስከፍትና ስዘጋ ውዬ፣ ግማሽ ጠርሙስ ፈሳሽ ከጨረስኩ በኋላ ያገኘሁት ጥፋት የዚህች ቀዳዳ መደፈን ነበር። ምርመራው ቀላል ነው። ቋቱ ክፍት እንዳለ ማንሻውን በጣም በቀስታ ትንሽ ብቻ ሲስቡት፣ ቀዳዳዋ ክፍት ከሆነች የፈሳሹ ገጽ ላይ ትንሽ ፍልቅታ ይታያል። በኃይል ከተሳበ ግን ፈሳሹ ዐይን ድረስ ሊፈናጠር ስለሚችል መነጽር ማድረግ ይገባል። ለመጥረጊያነት ከጊታር ክር ቀጭኑ ይበቃል፤ ቀዳዳዋን በመሰርሰሪያ ማስፋት ግን ማስተሩን ማበላሸት ነው።

ሁለተኛው ስህተት ከስሙ የሚመጣ ነው። «የፍሬን ዘይት» ብለን ስለምንጠራው ዘይት ይመስለናል እንጂ፣ ጠርሙሱ ላይ ዶት 3 እና ዶት 4 በሚል ደረጃ የሚጻፍባቸው ግላይኮል በሚባል ኬሚካል ላይ የተመሠረቱ፣ ከአየር ላይ እርጥበት የሚስቡ ፈሳሾች ናቸው። ስለዚህ የጎደለውን በሞተር ዘይት መሙላት ወይም የተፈቱትን ክፍሎች በቤንዚንና በናፍጣ ማጠብ ጎሚኒዎቹን፣ ማለትም ፈሳሹ እንዳያመልጥ የሚይዙትን የጎማ ማተሚያዎች፣ ያሳብጣል፤ ያበጠ ጎሚኒ ደግሞ ወደ ቀድሞ መጠኑ አይመለስም። የሚታጠበው በራሱ በአዲስ የፍሬን ፈሳሽ ወይም በአልኮል ነው። ዶት 5 ሌላ ነገር ነው፤ ሲሊኮን ስለሆነ ከዶት 3 ወይም ከዶት 4 ጋር አይዋሐድም። ዶት 5.1 ግን ስሙ ቢመሳሰልም ከግላይኮሉ ወገን ነው፤ ይህን አሰያየም ያወጡት ሰዎች ለተጠቃሚው ብዙም ያሰቡለት አይመስለኝም። ለሲቢ 750 ዶት 3 ወይም ዶት 4 ይበቃል።

ከዓመት በፊት ተከፍቶ መደርደሪያ ላይ የቆየ ጠርሙስ መጠቀምም ከዚሁ ጋር የሚሄድ ጥፋት ነው። የዶት 4 ዝቅተኛ የመፍያ ነጥብ አዲስ ሲሆን 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ የሚጠበቀው ግን 155 ነው። የዶት 3 ደግሞ ከ205 ወደ 140 ይወርዳል። እንደ አባይ በረሃ ባለ ረጅም ቁልቁለት ፍሬን ይዞ የወረደ ሰው ሙቀቱ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል፤ ያረጀው ፈሳሽ ሲፈላ እንፋሎት ይፈጥራል፣ ጠዋት ጠንካራ የነበረው ማንሻም መንገድ ላይ ይለሰልሳል። ፈሳሹ ቀለም እንደሚያበላሽም መዘንጋት የለበትም። የነዳጅ ታንኩ በጨርቅ ተሸፍኖ፣ ጠብታ የነካው ቦታ ወዲያው በብዙ ውሃ መታጠብ አለበት።

ሦስተኛው፣ ብሎኑ ክፍት እንዳለ ማንሻውን መልቀቅ ነው። ቅደም ተከተሉ የሚከተለው ነው፤ ግልጽ ፕላስቲክ ቱቦ በብሎኑ አፍ ላይ ይሰካል፣ ሌላኛው ጫፉ ፈሳሽ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ይጠልቃል፣ ማንሻው ተስቦ ይያዛል፣ ብሎኑ በ8 ቁጥር ቁልፍ ሩብ ዙር ይከፈታል፣ ፈሳሹ ሲወርድ ይዘጋል፣ ማንሻው የሚለቀቀው ከዚህ በኋላ ነው። ማንሻውን በፍጥነት ደጋግሞ መምታትም አይጠቅምም፤ አንዱን ትልቅ አረፋ ሰባብሮ ለማውጣት ወደሚያስቸግሩ ብዙ ጥቃቅን አረፋዎች ይለውጠዋል። የዚህ ሞተር ቋት ትንሽ ስለሆነ ከጥቂት ስበት በኋላ ይደርቃል፤ ከደረቀ አየር ገብቶ ሥራው ከመጀመሪያው ይጀመራል። የዛገ ብሎን ደግሞ በጉልበት አይፈታም፤ ዝገት ማስለቀቂያ ተደርጎበት ማደር አለበት፣ አለዚያ ተቆርጦ ካሊፐሩ ውስጥ ይቀራል።

አራተኛው ስህተት አየር ወደ ላይ እንደሚወጣ መርሳት ነው። እኛ ግን ከላይ ወደ ታች ልንገፋው እንታገላለን። ፈሳሹ ከማስተሩ ወርዶ ከፊት መብራቱ በታች ባለው፣ የኋላውን የፍሬን መብራት የሚያበራው የግፊት ማብሪያ በተሰካበት ሦስት አፍ ያለው መገጣጠሚያ በኩል ወደ ካሊፐሩ ይሄዳል። በዚህ መገጣጠሚያ ውስጥና ቱቦው ማስተሩን በሚነካበት ቦታ የተደበቀ አየር ታችኛው ብሎን ቢከፈትም ንቅንቅ ላይል ይችላል። እኔ መሪውን ማስተሩ ከሁሉም ከፍ እስኪል አዙሬ፣ ቱቦውን ከታች ወደ ላይ በጣቴ ቀስ አድርጌ እመታለሁ፤ ከዚያም ማንሻውን በጣም በአጭሩ ደጋግሜ እስባለሁ። የጤፍ ቅንጣት የሚያካክሉ አረፋዎች በዚያች ጠባብ ቀዳዳ በኩል ብቅ ብቅ ሲሉ ይታያሉ። ካላቋረጡ ማንሻውን ከእጀታው ጋር በገመድ አስሬ አሳድረዋለሁ። ከዚህ ሁሉ በኋላም እምቢ ካለ፣ አዲስ ፈሳሽ በስሪንጅ ከካሊፐሩ ወደ ላይ መግፋት ሌላው መንገድ ነው፤ ከዚያ በፊት ግን አሮጌው ዝቃጭ መውጣት አለበት፣ አለዚያ ራሱን ወደ ማስተሩ መግፋት ይሆናል።

አምስተኛው ለዚህ ሞተር ልዩ ነው። ካሊፐሩ አንድ ፒስተን ብቻ ያለው ሲሆን፣ ሁለቱም ሸራዎች ዲስኩን እኩል እንዲነክሱ በሚንቀሳቀስ ክንድ ላይ ተሰቅሏል። የክንዱ ማጠፊያ ከዛገ ፒስተኑ ዲስኩን ወደ አንድ ወገን ያጎብጠዋል፤ ይህም በማንሻው ላይ ልክ እንደ አየር የለሰለሰ ስሜት ይሰጣል። ማጠፊያው ተፈትቶ ሳይጸዳና በግሪስ ሳይቀባ፣ የክንዱ ማስተካከያ ብሎንም በሸራውና በዲስኩ መካከል ትንሽ ክፍተት እስኪተው ድረስ ሳይስተካከል፣ ስንት ጠርሙስ ቢፈስስ ለውጥ አይመጣም። የጎማ ቱቦዎቹም ሞተሩ ከፋብሪካ ሲወጣ የነበሩት ከሆኑ ሲጨመቁ ያብጣሉና ጊዜ ሳይባክን መቀየር አለባቸው።

ቋቱን እስከ አፉ መሙላትም ስህተት ነው። ፈሳሹ ሲሞቅ የሚሰፋበት ቦታ ያጣል፤ ሸራው ዲስኩን እየያዘ ይሄዳል፣ ጎማውም ማንሻው ሳይነካ ይከብዳል። የላይኛው ምልክት ላይ ሲደርስ ማቆም ይበቃል።

በመጨረሻም ማንሻው ጠንክሮ ሲገኝ ወዲያው መንገድ መውጣት አይገባም። ሞተሩ ቆሞ እያለ ማንሻው ለአንድ ደቂቃ ያህል ተስቦ ይያዝ። ጠንክሮ ባለበት ከቆመ፣ በእግር እርምጃ ፍጥነት ግቢ ውስጥ መሞከር ይቻላል። ቀስ እያለ ወደ እጀታው ከሰመጠ ግን፣ የሚፈስስ መገጣጠሚያ እንደሌለ ካረጋገጡ በኋላ ጥፋቱ የአየር ሳይሆን የማስተሩ ጎሚኒ ነውና፣ ብሎኑን እንደገና መክፈቱን ትቶ ማስተሩን መፍታት ነው።