እንደ ጋላገርና ሺን፦ ለሁለት ሰው የሚሆን አስቂኝ ዘፈን እንዴት ይሠራል?

ለሰርግና ለበዓል ዝግጅት ሁለት ሁለት ሰው አሰለጥናለሁ። ሥራ ስንጀምር ሁሌም የማሰማቸው አንድ የቆየ ሸክላ ነው። የኤድ ጋላገርና የአል ሺን «ሚስተር ጋላገር ኤንድ ሚስተር ሺን»።

ሁለቱ የአሜሪካ ቮድቪል ኮሜዲያን ነበሩ። ቮድቪል ዘፈኑም፣ ቀልዱም፣ አክሮባቱም በየተራ የሚቀርብበት የመድረክ ትርኢት ነው። ይህን ዘፈን እ.ኤ.አ. በ1922 «ዚግፌልድ ፎሊስ» በሚባለው የኒውዮርክ የመድረክ ትርኢት ላይ አቀረቡት፤ አገር ምድሩ አፉ ላይ አደረገው። በዚያው ዓመት በቪክተር ኩባንያ ሸክላ ተቀዳ። ረጅም ስለሆነ ሁለቱንም ገጽ ይዟል። ኢንተርኔት ላይ ታገኙታላችሁ። እንግሊዝኛው ባይገባችሁም ግድ የለም፤ ማን መቼ እንደሚገባ ብቻ ተከታተሉ።

መጀመሪያ ሚናውን ለዩ። ሺን ግራ የገባው ሰው ነው። የቱርክ ቆብ አድርጎ ያየውን ጉድ ይዞ ይመጣል። ጋላገር የገለባ ባርኔጣ ያደረገው አዋቂ ነው፤ ያስረዳዋል። ሰው ሁሉ ግራ የገባውን መሆን ይፈልጋል። እኔ ግን የበለጠ ትወና የሚችለውን አስረጂ አደርገዋለሁ። እሱ ከልቡ ካላስረዳ የሌላው ግራ መጋባት አያስቅም።

ቀጥሎ ስም። ይሄ ዋናው ነገር ነው። በእንግሊዝኛው «ሺን» የሚለው ስም ስንኝ መጨረሻ ላይ ይወድቃል፤ ቤት ለመምታት ይመቻል። እናንተም እንዲህ ዓይነት ስም ፈልጉ። እኔ «ተፈራ»ን እወደዋለሁ፤ በ«ራ» ቤት የሚመታ ቃል ሞልቷል። ለልምምድ የጻፍኩትን እዩት፦

— አቶ በላይ! አቶ በላይ!
— አቤት፣ አቶ ተፈራ!
— ታክሲ ውስጥ አንድ ሰው አለ፣ ብቻውን የሚያወራ።
— ጆሮው ላይ ነው ስልኩ፤ «ኪራይ ይቀነስ» ይላል ካከራዩ ጋራ።
— ይቀነስ ካለማ አብዷል፤ ጸበሉን አደራ!
— እውነትዎን ነው፣ አቶ ተፈራ!

ጥሪው፣ አቤት ባዩና መዝጊያው በየዙሩ አይቀየሩም። የሚቀየረው መሃሉ ነው። በሦስተኛው ዙር ተመልካቹ መዝጊያውን አብሯችሁ ይላል። ያኔ ሥራችሁ ግማሽ አለቀ ማለት ነው። ጋላገርና ሺንም የሰሞኑን ወሬ እያዩ አዳዲስ ስንኝ ይጨምሩ ነበር። የምትጋበዙበት ቤት የሚያውቀውን ነገር አስገቡ፤ የኮንዶሚኒየም ዕጣ፣ የመብራት መጥፋት፣ የሙሽራው መኪና። ሰው የሚያሳፍር ነገር ግን አታስገቡ።

ዜማው ቀላል ይሁን። ከፍ ዝቅ የሚል ዜማ ቃሉን ይውጠዋል። አንድ ኪቦርድ ወይም ክራር ይበቃል። በእጅ እያጨበጨባችሁ ተለማመዱ፤ መልሱ ከጥያቄው ቀጥሎ፣ ጭብጨባ ሳያልፈው ይግባ። ሳቅ ከመጣ ኪቦርዱ ያንኑ ዜማ እየደጋገመ ይቆይ፣ እናንተ ጠብቁ። በሳቅ ላይ የተዘፈነ ስንኝ ማንም አይሰማውም። አቋቋማችሁም ይለይ፦ ግራ የገባው ጓደኛውን ይመልከት፣ አስረጂው ተመልካቹን።

«ድምፄ አያምርም» ለሚሉኝ የፍርድ ቤቱን ታሪክ እነግራቸዋለሁ። ሹበርት ወንድማማቾች የሚባሉት የቲያትር ባለሀብቶች «ውላችሁ ከእኛ ጋር ነው» ብለው ጋላገርንና ሺንን ከሰሷቸው። መከላከያቸው «እኛ ተራ ኮሜዲያን ነን፣ ምንም የተለየ ነገር የለንም» የሚል ነበር! ተራስ አልነበሩም። ግን ሰውን የያዘው የድምፅ ውበት ሳይሆን መቀባበሉ ነው።

ጥንዳችሁንም በዚሁ ምረጡ። የቅርብ ጓደኛ መሆን ግዴታ አይደለም። ጋላገርና ሺን ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ1914 ተለያይተው በ1920 ነው ተመልሰው የተጣመሩት፤ ከመድረክ ውጪ ብዙም አይዋደዱም ነበር። ዋናው ጥንዳችሁ ትንፋሻችሁን የሚያውቅ፣ ስትረሱ ስንኙን የሚያነሳላችሁ ሰው መሆኑ ነው።

አራት ዙር አቅርቡ። ሁለት ዙር በኪሳችሁ ይቆይ። «ይደገም» ከተባለ እነሱን ይዛችሁ ተመለሱ፤ ካልተባለ ለሚቀጥለው ሰርግ ይሆናሉ።