ጭሱን ቤት ውስጥ ዘግተን ስንኖር የምንሠራቸው ስህተቶች

በመንዝ፣ በአንጎለላና በደብረ ብርሃን ዙሪያ ብርዱ ቀላል አይደለም። ከጥቅምት ጀምሮ ውርጭ ሲወርድ እሳት ዳር ያልተሰበሰበ ቤተሰብ አይገኝም። ጉዳት የሚመጣው ጭሱን ከእኛው ጋር ቤት ውስጥ ስንዘጋው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 የቤት ውስጥ የአየር ብክለት 3.2 ሚሊዮን ሰዎችን ገድሏል፤ ከእነዚህ ውስጥ ከ237,000 በላይ የሚሆኑት ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ናቸው።

ከሁሉም የከፋው ስህተት ሳልን «ብርድ ነው» ብሎ ማለፍ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ ጉልቻ ሥር ጎንበስ ብላ እፍ ስትል የኖረች እናት ውኃ ቀድታ ዳገቱን ስትወጣ ሦስት አራት ጊዜ ቆማ ታርፋለች። ሰው ግን «አርጅታ ነው» ይላል። የጭሱ ደቃቅ ብናኝ ከፀጉር ውፍረት 30 ጊዜ ያህል ስለሚያንስ አፍንጫም ጉሮሮም አያስቀረውም፤ ሳንባ ድረስ ይዘልቃል፣ ከፊሉም ደም ውስጥ ይገባል። ከዓመት ዓመት የአየር ቧንቧው እየቆሰለና እየጠበበ ይሄዳል፤ የጠበበው ደግሞ ወደ ቀድሞው አይመለስም። ሲጋራ አጫሾችን የሚያጠቃው የሳንባ ሕመም ሲጋራ በእጃቸው ነክተው የማያውቁ እናቶችን የሚይዘው በዚህ መንገድ ነው። የልብ ሕመም፣ ስትሮክ፣ የሳንባ ካንሰርና የዓይን ሞራም ከዚሁ ጭስ ጋር ይያያዛሉ። ሳል ሁለት ሳምንት ካለፈው ጤና ጣቢያ ሄዶ የቲቢ ምርመራ ማድረግ ያስፈልጋል። ውጤቱ «ቲቢ የለም» ከሆነም ነገሩ በዚያ አያበቃም። ስንት ዓመት በጭስ ውስጥ እንዳበሰላችሁ ለባለሙያው ንገሩት፤ ካልተነገረው ላይጠይቅ ይችላል።

ሌላው «ከሰሉ ፍም ሆኗል፣ አይጨስም» ብሎ መኝታ ክፍል ማስገባት ነው። ከፍም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዛማ ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም፤ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። በር ዘግቶ የተኛ ቤተሰብ በአንድ ሌሊት ሊያልቅ ይችላል። ከሞት የተረፈም ከሳምንታት በኋላ የመርሳት ችግር ሊያገኘው ይችላል፤ ለነፍሰ ጡርና ለፅንሷ ደግሞ አደጋው የባሰ ነው። ከሰል ባለበት ክፍል ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ማቅለሽለሽ ከተሰማችሁ ወዲያውኑ ወደ ውጭ ውጡ፤ ከዚያም ሳትዘገዩ ወደ ሕክምና ሂዱ። ሌሊቱን ባና ደርቦ መተኛት ይሻላል።

ሕፃን አዝሎ እንጀራ መጋገርም የተለመደ ነው። የሚይዘው ሰው ከሌለ እናት ምን ታድርግ? ቢሆንም ሕፃን ከአዋቂ ይልቅ ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍስ ብዙ ጭስ ይስባል፤ በጭስ የሚያድግ ልጅ በሳንባ ምች የመያዝ ዕድሉ በእጥፍ ገደማ ይጨምራል። በጋገራ ቀን ልጁን አባት፣ አያት ወይም ጎረቤት ይያዝላት።

እርጥብ ማገዶ መማገድ ጭሱን ያበዛዋል። ዛፍ በሌለበት ደጋ ኩበት የሚያነድን ሰው መውቀስ አይገባም፣ ያለው እሱ ነውና። ግን በደንብ ይድረቅ፤ ከዝናብም ይከለል። እሳት ለማያያዝ ፌስታል ማቃጠል ግን ጨርሶ መቅረት አለበት፤ ጭሱ መርዝ ነው። አረቄ የሚያወጡ እናቶች ደግሞ ቀኑን ሙሉ እሳት ላይ ስለሚውሉ ሥራው ከመኖሪያው ውጭ፣ ጎኑ ክፍት በሆነ ዳስ ሥር ቢሆን ይመረጣል።

በሩን ከፈት ማድረግ ብቻውን በቂ የሚመስለው ብዙ ሰው ነው። ትኩስ ጭስ ወደ ላይ ስለሚወጣ መውጫውም ላይ መሆን አለበት፤ ከጣራው ሥር፣ ከበሩ ትይዩ ባለው ግድግዳ ላይ ክፍተት ይተው። ምርጥ ምድጃ የገዛ ሰውም ጭሱን የተገላገለ አይምሰለው። ማገዶ ይቆጥባል፣ ጭሱንም ይቀንሳል፤ ነገር ግን ጭስ ማውጫ ከሌለው የቀረው ጭስ እዚያው ቤት ውስጥ ይታመቃል። ማውጫ ቱቦ የምታስገቡለት ከሆነ ጫፉ ከጣራው በላይ ይውጣ፤ በጥቀርሻ ሲደፈንም ይጠረግ።