ዘንድሮ ግቢ ለምትገቡ ፍሬሾች

ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከተመረቅሁ ወዲህ ደጋግሜ የማስበው የመጀመሪያውን ሴሚስተር ነው። የዶርሙ ጭንቅንቅ፣ የካፌው ምግብ፣ የውኃው መጥፋት ይለመዳል፤ ባልዲና ጠንካራ የሎከር ቁልፍ ይዛችሁ ግቡ። የማይለመደው ያልፈለጉት ዲፓርትመንት ውስጥ መቀመጥ ነው። ምደባው የፍሬሽማን ውጤት ስለሚያይ «ትንሽ ልልመድና አነባለሁ» አትበሉ፤ እኔ እንዲያ ብዬ የምመኘው አምልጦኛል። የሁለቱ ሴሚስተሮች ክሬዲት (የኮርሶቹ ክብደት) እኩል ከሆነ፣ መጀመሪያ ከ4 ነጥብ 2.4 ያመጣ ተማሪ አማካዩን 3.0 ለማድረስ ቀጥሎ 3.6 ያስፈልገዋል፤ ይህ ደግሞ በጣም ከባድ ነው። ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ የዕለቱን በዕለቱ ከልሱ፤ ያልገባችሁን መምህሩን ቢሮው ሄዳችሁ ጠይቁ። ዲፓርትመንት ከገባችሁ በኋላም ማስታወሻችሁን አትጣሉ፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ከመመረቅ በፊት የሚሰጠው የመውጫ ፈተና ወደ ኋላ ተመልሶ ይጠይቃችኋል።