ይመረጥ፣ ይሰረዝ ወይስ መረጃው አይበቃም? የውሳኔ ጥያቄዎችን በአዘጋጁ ዓይን መፍታት

ለቅጥር ፈተናዎች የምክንያታዊ አስተሳሰብ ጥያቄ አዘጋጃለሁ። ተፈታኞች ያለ ብዙ ድካም ነጥብ ሊለቅሙበት ሲገባ ነጥብ የሚያፈሱበት አንድ ክፍል አለ፤ የውሳኔ ጥያቄ የሚባለው። ከባድ ሂሳብ የለውም፣ የተለየ እውቀትም አይጠይቅም። የመስፈርት ዝርዝር ይሰጣችኋል፣ የአንድ አመልካች ታሪክ ይከተላል፣ ከዚያ “ይህ ሰው ምን ይደረግ?” ትባላላችሁ። ይመረጥ፣ ይሰረዝ፣ ወደ እገሌ ይመራ ወይም መረጃው አይበቃም ብላችሁ ትመልሳላችሁ። በህንድ የባንክ ቅጥር ፈተናዎች በሰፊው የታወቀው ይህ ዓይነቱ ነው። በእንግሊዝ ሕክምና ለመማር የሚፈተኑት ዩካት ውስጥም “ውሳኔ አሰጣጥ” የሚባል ክፍል አለ፤ እሱ ግን የመሆን ዕድል (ፕሮባቢሊቲ) ስሌትና የክርክር ምዘና የተቀላቀለበት ሌላ ነገር ስለሆነ በስሙ እንዳትሳሳቱ።

ጥያቄው እንዴት እንደሚሠራ ካወቃችሁ አፈታቱ ግማሽ አለቀ። እኔ ስጽፍ የምነሳው ከመልሱ ነው። “ይህ ሰው ወደ ምክትል ሥራ አስኪያጁ ይሂድ” ብዬ እወስናለሁ፤ ሁሉን የሚያሟላ አመልካች እጽፋለሁ፤ ከዚያ አንድ ቦታ እሰብረዋለሁ፣ ማለትም አንዱን መስፈርት እንዳያሟላ አደርገዋለሁ። ቀጥሎ የሰበርኩትን እደብቃለሁ። ዕድሜውን በትውልድ ቀን እተካለሁ፣ የመቶኛ ውጤቱን በጥሬ ነጥብ እለውጣለሁ፣ የአረፍተ ነገሮቹን ቅደም ተከተል አመሰቃቅላለሁ፣ ዓይን የሚስብ ግን የማይጠቅም ሙገሳ ጣል አደርጋለሁ። የእናንተ ሥራ ሰውየው ጎበዝ ነው አይደለም ብሎ መመዘን ሳይሆን የተሰበረውን ቦታ መፈለግ ነው።

በምሳሌ እንየው። አንድ ድርጅት የሂሳብ ክፍል ኃላፊ ሊቀጥር ነው እንበል። አመልካቹ፦

1. በመስከረም 1 ቀን 2018 ዕድሜው ከ25 ዓመት ያላነሰ፣ ከ35 ዓመት ያልበለጠ፤
2. የመጀመሪያ ዲግሪውን ቢያንስ በ60 በመቶ ውጤት ያጠናቀቀ፤
3. በሂሳብ ሥራ ቢያንስ 3 ዓመት የሠራ፤
4. በጽሑፍ ፈተናው ቢያንስ 50 በመቶ ያገኘ፤
5. ዋስ ማቅረብ የሚችል መሆን አለበት።

ከ2ኛው በቀር ሁሉን አሟልቶ ሁለተኛ ዲግሪ ያለው አመልካች ወደ ምክትል ሥራ አስኪያጁ ይመራል። ከ3ኛው በቀር ሁሉን አሟልቶ ቢያንስ 1 ዓመት ቡድን የመራ ደግሞ ወደ ዋና ሥራ አስኪያጁ ይመራል።

አመልካቾቹን ከማንበባችሁ በፊት ሁለት ነገር ሥሩ። አንደኛ ዕድሜውን ወደ ትውልድ ቀን ገልብጡት፤ ከ2018 ላይ 35 ስትቀንሱ 1983፣ 25 ስትቀንሱ 1993 ይመጣል። ስለዚህ ከመስከረም 1 ቀን 1983 እስከ መስከረም 1 ቀን 1993 የተወለደ ያልፋል። ይህን አንዴ ጥግ ላይ ከጻፋችሁ ለእያንዳንዱ ሰው ዕድሜ ማስላት ይቀርላችኋል። ሁለተኛ፣ መውጫ ያላቸው (ባይሟሉም ሰውየው ሳይሰረዝ ወደ ሌላ የሚመራባቸው) መስፈርቶች 2 እና 3 ብቻ መሆናቸውን አክብቡ። 1፣ 4 እና 5 መውጫ የላቸውም፤ ከነሱ አንዱ ከተሰበረ ሰውየው ይሰረዛል። ይህን ልብ የሚል ተፈታኝ ጥቂት ነው። ሰው ሁሉ ከ1 ጀምሮ በተራ ይወርዳል፣ መውጫ የሌላቸውን ቀድሞ ያየ ግን አንዳንዱን ጥያቄ በሁለት መስመር ይጨርሰዋል።

አሁን አመልካቾቹ ይምጡ። ለእያንዳንዳቸው ከ1 እስከ 5 ቁጥር ጻፉና የተሟላው ላይ +፣ የተሰበረው ላይ −፣ ያልተነገረው ላይ ? አድርጉ።

ሄለን በታኅሣሥ 1983 ተወለደች። የመጀመሪያ ዲግሪዋን በ58 በመቶ አጠናቃ ሁለተኛ ዲግሪ ይዛለች። 4 ዓመት በሂሳብ ሥራ ላይ ቆይታለች፣ በጽሑፍ ፈተናው 50 በመቶ አግኝታለች፣ ዋስም አዘጋጅታለች። ታኅሣሥ 1983 ከወሰኑ በኋላ ስለሆነ 1 ተሟልቷል። 50 ደግሞ “ቢያንስ 50” ውስጥ ይገባል። “ከ50 በላይ” ቢል ኖሮ ወድቃ ነበር፤ ቁጥሩን ልክ ወሰኑ ላይ ያስቀመጥኩት ሆን ብዬ ነው። የተሰበረው 2 ብቻ ነው፣ መውጫው ደግሞ አላት። ወደ ምክትል ሥራ አስኪያጁ ትመራለች።

ዮናስ በ1987 ተወለደ። የመጀመሪያ ዲግሪው ላይ ከ750 ነጥብ 450 አገኘ፣ ሁለተኛ ዲግሪም አለው። 5 ዓመት በሂሳብ ሥራ ሲቆይ 2ቱን ዓመት ቡድን መርቷል። ፈተናው 72 በመቶ፣ ዋሱም ዝግጁ ነው። ሁለተኛ ዲግሪና ቡድን መምራት የሚሉትን ያየ ተፈታኝ እጁ ወደ “ይመራ” ይሮጣል። ግን 450 ለ750 ሲካፈል ልክ 60 በመቶ ነው፤ የተሰበረ ነገር የለም። መውጫ ደግሞ ለጎደለው ነው እንጂ ለሞላው አይደለም። ይመረጣል።

ዳዊት በነሐሴ 1980 ተወለደ። ዲግሪው 81 በመቶ፣ ልምዱ 10 ዓመት፣ ፈተናው 90 በመቶ ነው። ስለ ዋስ የተባለ ነገር የለም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ “መረጃው አይበቃም” ይላል። ዕድሜው ግን 37 ነው፣ ለዕድሜ መውጫ የለም። ዋስ ቢኖረውም ባይኖረውም ይሰረዛል።

ሩት ላይ ትንሽ እንቆይ። በ1988 ተወለደች፣ ዲግሪዋ 65 በመቶ ነው። በሂሳብ ሥራ 2 ዓመት ስትሠራ 18ቱን ወር ቡድን መርታለች፣ ፈተናውን 55 በመቶ አምጥታለች። የእሷም ዋስ አልተነገረም። 3 ተሰብሯል፣ መውጫው አላት፣ 5 ላይ ? ይቀመጣል። ዋስ ካላት ወደ ዋና ሥራ አስኪያጁ ትሄዳለች፤ ከሌላት ሁለት መስፈርት ጎደላትና ትሰረዛለች። እንግዲህ መልሱ እዚህ ነው “መረጃው አይበቃም” የሚሆነው።

ዳዊትና ሩት ሁለቱም ዋሳቸው አልተጠቀሰም፣ መልሳቸው ግን ይለያያል። ልዩነቱን ለማየት የምመክረው ፍተሻ ቀላል ነው፤ ባዶውን ቦታ አንዴ በ“አለው”፣ አንዴ በ“የለውም” ሙሉት። በሁለቱም ውሳኔው ያው ከሆነ መረጃው በቂ ነው። ውሳኔው ከተቀየረ አይበቃም። “መረጃው አይበቃም” የሚለው መልስ አንድ ነገር ስላልተጠቀሰ ብቻ የሚመረጥ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ አጨቃጫቂ ነገር አለ። 2 የተሰበረበት ሰው ሁለተኛ ዲግሪ ይኑረው አይኑረው ጨርሶ ባይነገርስ? በአመክንዮ ከሄድን አይበቃም ነው። ነገር ግን አንዳንድ አዘጋጅ መመሪያው ላይ “ያልተገለጸ እንደሌለ ይቆጠራል” ብሎ ይጽፋል፣ ያኔ ይሰረዛል። ለዚህ ነው መመሪያውን ዘለው ወደ ጥያቄው የሚሮጡ ሰዎች የሚያስገርሙኝ። አንድ አረፍተ ነገር ናት፣ የክፍሉን መልስ ሁሉ የምትወስነው እሷ ናት።

“የሠራ ሰው ዋስ አያጣም”፣ “10 ዓመት ከሠራ ቡድን ሳይመራ አይቀርም” የሚለውን ሐሳብ ከራሳችሁ አውጡ። ይህ በኑሮ ብልህነት ነው፣ እዚህ ግን ያስጥላል። አዘኔታም እንደዚሁ። 59.5ን ወደ 60 አጠጋግቶ ሰው የሚያሳልፍ ተፈታኝ አይቻለሁ፤ መስፈርቱ አጠጋጉ ካላላችሁ አታጠጋጉ።

ችግር ተገልጾ “ኃላፊው ምን እርምጃ ይውሰድ?” የሚለው ዓይነት አልፎ አልፎ ይመጣል። እሱ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ችግሩን በቀጥታ የሚነካ፣ በኃላፊው ሥልጣን ውስጥ ያለ፣ ሳይጣራ ሰው የማይቀጣ እርምጃ ፈልጉ። “ወዲያውኑ ይባረር” እና “ዝም ይበል” የሚሉት ጫፎች አብዛኛውን ጊዜ ለማጥመጃ የተቀመጡ ናቸው።

ስለ ሰዓት፦ መስፈርቱን አንብቦ ማሳጠር ጊዜ የሚበላ ይመስላል፣ ግን አንዱ ዝርዝር ለአምስት አመልካች ስለሚያገለግል በኋላ ይመለሳል። ስለዚህ በዚህ ክፍል አንድ ጥያቄ ብቻ ሠርቶ ወደ ሌላ መዝለል ኪሳራ ነው፤ ከገባችሁ ሁሉንም ጨርሱ። ለተሳሳተ መልስ ነጥብ የሚቀንስ ፈተና ከሆነ ደግሞ በ“ይሰረዝ” እና “አይበቃም” መካከል ስትዋልሉ ከመገመታችሁ በፊት የባዶውን ቦታ ፍተሻ ሥሩ።

ለልምምድ፣ ያለቁ ጥያቄዎችን ከመደርደር ይልቅ ራሳችሁ ጻፉ። ከላይ ያለውን መስፈርት ውሰዱ፣ መልሱን ቀድማችሁ ወስኑ፣ አንድ ቦታ ስበሩ፣ ደብቁት፣ ለጓደኛ ስጡት። ጓደኛችሁ ወዲያው ካገኘው ድብቁን አጥብቁ፤ ከእናንተ የተለየ መልስ አምጥቶ ካስረዳችሁ ደግሞ ጥያቄያችሁ ላይ ያላሰባችሁት ? አለ ማለት ነው፣ ፈልጉት።