«ጨረቃ የመሰለ» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት

የቅጠል፣ የቀንድ ወይም የወፍ ምንቃር ቅርጽ ስትመዘግቡ «ጨረቃ የመሰለ» ማለት ብዙም አይጠቅምም። ከሳምንት በኋላ ማስታወሻችሁን ስታነቡት የትኛዋ ጨረቃ? ሙሉዋ? ግማሿ?

ጫፎቹን እዩ። ሁለቱም ሹል ሆነው መሐሉ ከወፈረ «ለጋ ጨረቃ» በሉ። አንዱ ወገን ሰፋ ብሎ ሌላው እየቀጠነ ወደ አንድ ጎን ከታጠፈ «ማጭድ» ነው። ሁለቱም ጫፎች ድቡልቡል ከሆኑ ደግሞ «ኩላሊት»፤ ቦሎቄን አስቡ።

ማጭድ ጎጃም ውስጥ ማን ያልጨበጠ አለ? ስሙን ስታነቡ እጃችሁ ራሱ ቅርጹን ያስታውሰዋል። የሳይንስ ስም አውጪዎችም ያደረጉት ይህንኑ ነው፦ «ሉናቱስ» ከላቲኑ ሉና፣ ማለትም ከጨረቃ፣ «ፋልካቱስ» ደግሞ ከፋልክስ፣ ከማጭድ የመጣ ነው። ጣና ዳር ረግረጉን የሚጭረውን፣ ራሱ ጥቁር አካሉ ነጭ የሆነውን ወፍ ምንቃር አይታችሁ ከሆነ ማጭድነቱ አያከራክርም።

ለጋ ጨረቃ በትክክል ምን እንደሚመስል ከጠፋችሁ ወረቀት ላይ ስኒ ደፍታችሁ ዙሪያውን አስምሩ። ስኒውን ትንሽ ወደ ጎን ገፋ አድርጋችሁ ደግሞ አስምሩ። በአንድ ወገን የተረፈችው ቅርጽ እሷ ናት።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ፦ በአንድ ቅጠል ብቻ አትፍረዱ። የነጭ ባሕር ዛፍ የበሰለ ቅጠል ማጭድ ይመስላል። ከተቆረጠ ጉቶ የሚያቆጠቁጠው ለጋው ግን ሰፊና ክብ ቢጤ ነው፣ ሌላ ዛፍ ነው የሚያሰኘው። ሁለቱንም ለየብቻ ጻፉ።